የቀልድ ጨዋታና የልጅ ጆሮ

ዋድላ ሲባል የቀድሞ ሰው ትዝ የሚለው ቅኔ ነው። ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራ የቅኔ ቤት የበቀለበት አገር ነውና፣ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ከሩቅ አገር እየመጣ ሰምና ወርቅ ሲለይ የኖረው በዚያ ደጋ ላይ ነው። ዛሬ የዋድላ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በኮን፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና አድርጎ ወደ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በሚያልፍባት ከተማ፣ ማታ ማታ ሰው የሚሰበሰብበት ሌላ ጉባኤ ተጨምሯል፤ ይኸውም የቴሌቪዥን ጉባኤ ነው። አባት ጋቢውን ተከናንቦ፣ እናት ቡናዋን አቀራርባ፣ ልጆችም ደብተራቸውን ወዲያ ብለው በአንድ መስኮት ፊት ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥን የሌለው ቤት ልጅ ደግሞ ከጎረቤት ደጃፍ ወይም ከሻይ ቤት በር ላይ ተደግፎ ያያል።

በዚህ ጉባኤ ከሁሉ የሚወደደው የቀልድ ጨዋታ ነው። ዜና ሲነበብ ያንቀላፋ የነበረው ሁሉ ቀልዱ ሲጀመር ይነቃል። በዛሬው ዓምዳችን ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ለትልቅ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ፣ ብዙ ዓመት የቆየ፣ ሕዝብም የወደደው የቴሌቪዥን ቀልድ ለልጅ ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱንም ብዙ ሰው በችኮላ ይሰጣል። አንዱ «ሣቅ ማንን ገድሎ ያውቃል?» ብሎ ይተወዋል፤ ሌላው «ልጅ የሚበላሸው በዚሁ ነው» ብሎ መዝጊያውን ይጫናል። እኛ ግን ሁለቱም መልሶች ሳይመረመሩ የተሰጡ ናቸው እንላለን።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያው ጊዜ አንሥቶ ልጆችን ከመስኮቱ ፊት የሰበሰባቸው ሰው አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም የሚታወቁት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። ወጣት አንባቢያችን እኒህን ሰው የሚያውቃቸው ተረት ሲነግሩ ብቻ ይሆናል፤ ነገር ግን እርሳቸው አስቀድመው የመድረክ ተዋናይ ነበሩ። ሴት በመድረክ ላይ በማትታይበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴትን ክፍል የተጫወቱ፣ በኮሪያ ዘመቻም ጊዜ ለወታደሮቻችን ያጫወቱ፣ ትልቁን ሰው እንዴት እንደሚያስቁት ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያ ናቸው። «የልጆች ጊዜ» በተባለው ዝግጅት ላይ ሲቀመጡ ግን ያንን ሁሉ ችሎታ በልጅ ልክ ሰፉት። ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ ፊታቸውን እያጣመሙ፣ ጅቡንም ጦጣውንም ሆነው ለ42 ዓመታት ያህል ሲያስቁ ቆዩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያዘኑላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ልጅ ያሳደጉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ነበሩ። ይህን የምናነሣው ለመዘከር ብቻ አይደለም። ለልጅ የሚሆን ቀልድና ለትልቅ ሰው የሚሆን ቀልድ በአንድ ሰው አንደበት ሊወጡ እንደሚችሉ፣ ሆኖም ልዩ ልዩ ሙያ እንደሚጠይቁ የእርሳቸው ሥራ ስለሚያስረዳ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀልደኞች አብዛኛዎቹ የሠሩት ለመላው ቤተ ሰብ ነው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ በጥንድ እየሆኑ ያቀረቧቸውን ጨዋታዎች፣ የነሀብቴ ምትኩንና የነእንግዳዘር ነጋን ቀልድ ያልሰማ የዚያን ዘመን ሰው አይገኝም። ቀጥሎም ጥላሁን ጉግሳና ጓደኞቹ «ቤቶች» የተሰኘውን ተከታታይ ጨዋታ አመጡ። ይህ ጨዋታ በመቶ የሚቆጠሩ ክፍሎች የተላለፉለት ስለ ሆነ፣ ከእሱ ጋር አብሮ ያደገ ትውልድ አለ ለማለት ይቻላል። የባልና የሚስት ክርክር፣ የልጆች ጣጣ፣ የቤት ሠራተኛዋ የአዛሉ ጉዳይ፣ ገብቶ የሚወጣው እንግዳ ሁሉ የሚታይበት የአንድ ቤት ጨዋታ ነው። ልጅም የሚያየው ከወላጁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው። እንግዲህ ለልጅ ይሆናል አይሆንም ብለን የምንመዝነው ስለ ልጅ ታስቦ ያልተሠራውን፣ ነገር ግን ልጅ ከማንኛውም የልጆች ዝግጅት አብልጦ የሚያየውን ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ክስ ስድብ አለበት፣ መጠጥ ይታይበታል፣ የወንድና የሴት ነገር ይነሣበታል የሚል ነው። ስለ እነዚህ ብዙ አንናገርም። ስድብን ልጅ ከመስኮት ይልቅ ከመንገድ የሚሰማው ይበልጣል፤ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከቴሌቪዥንና ከሬድዮ እንዲወርድ ስለ ተደረገ፣ ቀድሞ ከቀልድ መሀል እየገባ ቤተ ሰቡን የሚያሳፍረው ነገር ተቃሏል። የእኛ አገር የቀልድ ተውኔት ከባሕር ማዶ ጨዋታዎች ጋር ሲነጻጸር በዚህ በኩል ጨዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱም የሚሣቀው በማን ላይ ነው የሚለው ነው።

የከተማ ቀልደኛ ሕዝቡን ለማሣቅ ሲያስብ በቅድሚያ እጁ የሚገባው ባላገሩ ነው። ገና ከአውቶቡስ የወረደ፣ ዱላውን የተሸከመ፣ መብራቱን በትንፋሽ ሊያጠፋ የሚሞክር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አነጋገሩ ከአዲስ አበባው አነጋገር የተለየ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ቀልዱ ከተናገረው ነገር አይመጣም፤ ከአነጋገሩ ዜማ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ይህን ሲያይ ሩቅ ሰው ያያል። በኮን ያለ ልጅ ግን አያቱን ያያል። ያ ዜማ ሌሊት የተቀሰቀሰበት፣ የተመረቀበት፣ «ና ልጄ» ተብሎ የተጠራበት ዜማ ነው። ያን ሰምቶ ሻይ ቤቱ በሙሉ ሲስቅ፣ ልጁም አብሮ ይስቃል። መሣቁ አይደለም የሚያሳስበን፤ በማግሥቱ በትምህርት ቤት ከገጠር ቀበሌ በእግሩ ተጕዞ የመጣውን ጓደኛውን «ፋራ» ብሎ መጥራቱ፣ ያም ጓደኛው አፉን ለመክፈት ማፈሩ ነው። መምህር እጁን አንሥቶ መልስ የማይሰጥ ተማሪ ሲያጋጥመው ትምህርቱን አላጠናም ብሎ ይገምት ይሆናል። ልጁ ግን ትምህርቱን እያወቀው አነጋገሩን ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

የቤት ሠራተኛይቱም ነገር እንዲሁ ነው። ከሰሜን ወሎ ስንት ልጃገረድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ እንደምትሄድ የማያውቅ ሰው የለም። በኮን፣ በጋሸና፣ በላሊበላ ዙሪያ እህቱ፣ አክስቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ብዙ ነው። ይህ ልጅ በቴሌቪዥን የሚያያት የቤት ሠራተኛ የምትጮኽ፣ የምትሳሳት፣ የምትሰደብ ብቻ ከሆነች ስለ እህቱ ምን ያስባል? ነገ አድጎ፣ ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሠራተኛ ሲቀጥርስ በምን ቃል ይጠራታል? ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው አንባቢያችን ይህን ጥያቄ ለራሱ ቢያቀርበው አይከፋም።

ሆኖም ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የተከሳሹንም ቃል መስማት ያስፈልጋል። በ«ቤቶች» ውስጥ አዛሉን ሕዝብ የወደዳት ሞኝ ናት ብሎ አይደለም። ሠራተኛ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ታውቃለች፤ ጌቶችዋ እርስ በርስ ሲደባበቁ እሷ ሁሉንም ታያለች፤ ስለዚህ መልስዋ ይቆርጣል። በዓለም ላይ ያለው የቀልድ ተውኔት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ሎሌው ከጌታው ብልጥ ሆኖ ይገኛል፤ ተመልካችም ደስ የሚለው ታችኛው ላይኛውን ሲረታ በማየቱ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን በተቀደደ ጫማና በሰፊ ሱሪ ዓለምን ያሣቀው የድኻውን ክብር በመንካት ሳይሆን ድኻውን የሚያባርረውን ፖሊስና በድኻው ላይ የሚኮራውን ባለጸጋ በማሣቅያ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ጥሩ የሠራተኛ ቀልድ ለሠራተኛይቱ ጠበቃዋ ነው።

እንግዲህ አንዱ ጨዋታ ለአንዱ ተመልካች ስድብ፣ ለሌላው ጥብቅና የሚሆነው እንዴት ነው? የዋድላ ሰው መልሱን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም፤ ሰምና ወርቅ ነው። የቀልዱ ሰም የአነጋገሯ ዜማ፣ የአካሄዷ መወላገድ፣ የእመቤቲቱ ቁጣ ነው። ወርቁ ደግሞ ከሁሉ አዋቂዋ እሷ ሆና መገኘትዋ ነው። ቅኔ ያልገባው ተማሪ ሰሙን ይዞ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሕፃንም ሰሙን ይዞ ይቀራል። የስድስት ዓመት ልጅ የሰውን ቃል እንደ ተነገረ ይወስደዋል፤ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ማለት፣ አመስግኖ መንቀፍ፣ ሞኝ መስሎ ማታለል የሚባለውን ነገር በሙሉ የሚረዳው ዕድሜው ከፍ እያለ ሲሄድ ነው።

በዚህ ረገድ የሥነ ልቡና ሊቃውንት የደረሱበት ነገር ይጠቅመናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ባንዱራ የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። ትንንሽ ልጆች፣ አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ አዩ፤ ብቻቸውን ሲተዉም እነሱም እንደዚያው ደበደቡ፤ የሰሙትን ቃል ሳይቀር ደገሙት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ድርጊቱን በአካል ሳይሆን በፊልም ያዩትም እንደዚያው ማድረጋቸው ተረጋገጠ። በ1965 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ጥናቱ ደግሞ ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ሲሸለም ካዩት ያነሰ ደበደቡ። ይህን ወደኛ ነገር ስናመጣው ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል። በቀልድ ጨዋታ ውስጥ ሽልማቱ ሣቅ ነው። የሰደበው ሰው ሲሣቅለት፣ የዋሸው ሰው ሲጨበጨብለት ያየ ሕፃን የሚሸለመውን ተግባር አየ ማለት ነው፤ በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ውሸታሙ ቢጋለጥም፣ ያን ጊዜ ሕፃኑ አንቀላፍቷል።

ሚስተር ቢን የተባለውን እንግሊዛዊ ቀልደኛ የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ጨዋታው ንግግር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ቋንቋ ሳይገድበው እስከኛ ድረስ ደርሷል። ስድብም የለበትም፤ ብዙ ወላጅም «ይህስ ለልጅ ነው» ብሎ ያለ ሐሳብ ይከፍተዋል። ሰውየው ግን ተንኮለኛ ነው፤ ተራ ያፈርሳል፣ የጎረቤቱን መልስ ይሰርቃል፣ ያጠፋውን ደብቆ ይሄዳል። እንደኛ አስተያየት የኛዎቹ ሠራተኛና እመቤት ከሚከራከሩበት ጨዋታ ይልቅ ለአራት ዓመት ልጅ ይህኛው አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው ራሱ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚል ሰው አላስቀመጠም። በኛዎቹ ቤት ቢያንስ አንድ ቆጪ ይገኛል።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር አዲስ አልነበሩም። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከፎገራ ተነሥቶ ያልደረሰበት አገር የለም፤ የላስታም ሽማግሌ በእሳት ዳር የሚያወራው እሱን ነው። ከነዚያ ቀልዶች መካከል ለሕፃን የሚነገር አለ፣ ለጎረምሳ የሚነገር አለ፣ ሴቶች በሌሉበት ብቻ በሹክሹክታ የሚወራም አለ። ሽማግሌው የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚለየው መጽሐፍ ተመልክቶ አይደለም፤ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ልጅ ካለ አለቃን ከጅብ ጋር ወይም ከአህያ ጋር ያገናኛቸውና ሌላውን ለሌላ ጊዜ ያሳድረዋል። ልጆቹ ራሳቸው በሚጫወቱት በእንቆቅልሽ ውስጥ እንኳ «አገር ስጠኝ» ከተባለ በኋላ የተሸነፈው ይሰደባል፤ ስድቡ ግን ወሰን አለው፤ ጊዜውም ይታወቃል፤ ጨዋታው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቴሌቪዥን የጐደለው ይህ ነው። ዙሪያውን አይመለከትም። ፊቱ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ ይሁን የሰባ ዓመት ሽማግሌ አያውቅም። የጐደለውን ዓይን የሚሞላለት አጠገቡ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ይከልከል» የሚል ሰው አይታጣም፤ ይልቁንም ሥልጣን በእጁ የገባ ወጣት ሹም እንዲህ ለማለት ይቸኩላል። እኛ አንስማማም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የቀልድ ተውኔት ነበር፤ በ1910ዎቹ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። አውሬ ሲናገር የሚታይበት ጨዋታ ስለ ሆነ ከላይ ሲያዩት የልጅ ተረት ይመስላል። መኳንንቱ ግን ወርቁን አወቁት፤ የተነቀፈው የመንግሥቱ አሠራር መሆኑን ተረዱት፤ ጨዋታውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒያው ሰው መሆናቸውን ስናስብ፣ የታገደው የጨዋታ ሳይሆን የቁም ነገር ሰው ሐሳብ እንደ ነበር እንረዳለን። ቀልድን የሚያግድ ሹም ብዙ ጊዜ የሚያስቀድመው የልጆችን ስም ነው፤ የሚጠብቀው ግን የራሱን ወንበር ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ቢሆን ከመከልከል ይልቅ ሰዓት መለየትን ነው የመረጠው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የልጆችን አስተሳሰብ የሚጎዳ ዝግጅት ልጆች በሚመለከቱበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካውም የልጆች ጥበቃ ነገር አልተረሳም። ከነዚህ በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ሕጉ እንግዲህ አለ። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚያስበው ጎልቶ የሚታየውን ጉዳት ነው፤ የአያትን አነጋገር መሣቂያ ማድረግን ያህል ረቂቅ ነገር በሰዓት ገደብ አይያዝም።

ስለዚህ ፍርዳችንን እንሰጣለን። «ቤቶች»ንና እሱን የመሰሉትን የቆዩ ጨዋታዎች ዐሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ቢያይ አንቃወምም፤ እንዲያውም ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ቢያይ እንወዳለን። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሰሙን ከወርቁ መለየት ይጀምራል፤ ስለ ሠራተኛይቱ፣ ስለ ባላገሩ፣ ስለ ባልና ሚስቱ ጥያቄ ያነሣል፤ ጥያቄውም ለወላጅ የማይገኝ ዕድል ነው። ከዚያ በታች ላለው ግን ብቻውን እንዲያይ መተው አይገባም። ከሰባት ዓመት በታች ለሆነውማ የሚሻለው የራሱ ዝግጅት ነው፤ አባባ ተስፋዬ የጀመሩት መንገድ አልተዘጋም፤ በብሩክታዊት ጥጋቡ የተጀመረችው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘችው የአሻንጉሊት ጨዋታ የአማርኛ የልጆች ዝግጅት አስቂኝም አስተማሪም ሊሆን እንደሚችል አሳይታለች።

አብሮ ማየት ስንል ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥ ማለታችን አይደለም። እናት «አየህ፣ እሷ እኮ ከሁሉም ታውቃለች» ብትል፣ አባት «እንዲህ ነው አያትህም የሚናገሩት፤ የሚያምር አነጋገር ነው» ቢል በቂ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር የአንድ ሰዓት ጨዋታን ትርጉም ይለውጠዋል። መምህራንም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰምና ወርቅ ሲያስተምሩ ምሳሌውን ከመጽሐፍ ብቻ ከሚያወጡ፣ ተማሪው ትናንት ማታ ከሣቀበት ጨዋታ ቢያወጡለት ትምህርቱ ይጥመዋል።

አንድ ነገር ግን ከቀድሞው የከፋ ሆኗል፤ እሱም ጨዋታው በስልክ መቆራረጡ ነው። የአንድ ክፍል ጨዋታ ከስድቡ ተነሥቶ እስከ እርቁ ድረስ ይሄዳል። በስልክ የሚዞረው ግን ስድቡ ብቻ ነው፤ እርቁን ቆርጦ የሚልክ ሰው የለም። ሙሉውን ጨዋታ ያላየ ልጅ ይህን ግማሽ ደቂቃ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ያያል፤ በቃሉም ይይዘዋል። ስልኩን ለልጅ ማባበያ የሚሰጥ ወላጅ ስለ ቴሌቪዥን ከመጨነቁ በፊት ስለዚህ ቢጨነቅ ይሻለዋል።

ለጣቢያዎቹም የምናቀርበው አንድ አሳብ አለን። ዝግጅቱ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ በመስኮቱ ጥግ በትንሽ ቁጥር ማሳየት በሌላው ዓለም የተለመደ ነው፤ ለእኛም ይጠቅማል። ነገር ግን በኮንና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ማታ ከልጆች ጋር የምትቀመጠው ብዙ ጊዜ አያት ናት፤ እሷም ፊደል ያልቆጠረች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ማሳሰቢያው ከመግቢያው ዜማ አስቀድሞ በድምፅ ይነገር፤ አነጋገሩም እሷ የምትናገረውን ዓይነት ቢሆን ደግ ነው።